መናፈሻውን የፈለገው ማን ነው?

እማማ ሬጂና እንደሚሉት፣ የልጃቸው የሰርግ ምሳ በግቢያቸው እንዲሆን ቃል ሰጥተው፣ ድንኳን የሚተከልበትን ሜዳ አስጠርገው፣ ማገዶ አስፈልጠው ሲጠባበቁ፣ አማቻቸው ሉታያ ግቢውን ናቀና የኮረብታውን መናፈሻ ተከራየ። ሉታያ እንደሚለው ደግሞ ከዚያ ግቢ ሌላ የተመኘው ቦታ አልነበረም፤ ግቢው እንዲሆን ያልወደዱት እማማ ሬጂና ራሳቸው ናቸው፤ መናፈሻውን የተከራየው እሳቸውን ላለማስቀየም ብሎ ነው።

ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ሁለቱም አይዋሹም። ግራ የገባኝም ለዚሁ ነው።

ቀላሉ መንገድ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማነጋገር ነበር። ነገር ግን ሉታያ የናኪቡካ እጮኛ ነው፤ እማማ ሬጂና ደግሞ የናኪቡካ እናት ናቸው። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ከሚስቱ እናት ፊት አይቆምም። አንድ አግዳሚ ላይ አይቀመጡም፤ ከአንድ ሳህን አይበሉም፤ መንገድ ላይ ድንገት ቢገናኙ አንዳቸው ወደ ሣሩ ወጥተው ፊታቸውን ያዞራሉ። ዛሬ ዛሬ ማሳካ ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው ይህን አላልቶታል። እማማ ሬጂና አላላሉትም። ባለፈው የመከር ጊዜ ሉታያ በቆሎ ጭኖ ገበያ ሲገባ ከሩቅ አይተውት፣ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ሥጋ ቤት ገብተው፣ እሱ ጭነቱን አራግፎ እስኪሄድ ከተሰቀለው ሥጋ ኋላ ቆመው ቆይተዋል። ባለ ሥጋ ቤቱ እስካሁን ያወራዋል።

በስልክ ለምን አይነጋገሩም የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። እማማ ሬጂና የጠየቅኳቸው ነገር ነውር እንደሆነ ሁሉ አዩኝና፣ ደጅ የቆመ ሰው ይሻላል፣ ስልክ እኮ ድምፁን ጆሮ ውስጥ ነው የሚያስገባው አሉኝ።

ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ቃል ሁሉ የሚመላለሰው በናኪቡካ ሴንጋ በኩል ነው፤ ሴንጋ የምንለው የአባትን እህት ነው። ልጅ ስታገባ መካሪዋም መልእክተኛዋም ሴንጋዋ ናት። የናኪቡካ አባት ከሞተ ወዲህ ሴንጋ ጀስቲና የሁለቱን ቤት ደጃፍ ጫማቸው እስኪያልቅ ተመላልሰውበታል።

ማን ምን እንዳለ ማጣራቱ ለወሬ ያህል ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። ነገሩ ግን ከወፍጮው ጋር ተያይዟል። ሉታያ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሠራው የሰው በቆሎ በሰው መኪና ወደ ሰው ወፍጮ ማመላለስ ነው። ኒዬንዶ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ወፍጯቸውን ከነቤቱ ለመልቀቅ ተነሥተዋል፤ ልጃቸው ካምፓላ ሊወስዳቸው ነው። ሉታያን ስለሚወዱት ለሌላ ሰው ሳይሸጡ እስከ ቅዳሜ እንደሚጠብቁት ነግረውታል። ሉታያና ናኪቡካ ኑሯቸውን የነደፉት በዚያ ወፍጮ ነው፤ እሷ ሚዛኑን፣ እሱ ሞተሩን። ለወፍጮው ያጠራቀሙት ገንዘብ ግን የመናፈሻው ቀሪ ክፍያ ከተከፈለበት ይሄዳል። የመናፈሻው ሰዎች ቀሪውን የሚፈልጉት አርብ ጠዋት ነው። አርብ ከተከፈለ ቅዳሜ ወፍጮ የለም።

የሰርጉ ኮሚቴ ይህን ያውቃል። ለመቆጠብም የሚችለውን ሁሉ አድርጓል፤ እንዲያውም እኔን ያሳሰበኝ አንዱ ነገር የቁጠባው ብዛት ነው።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለው ምግብ ቤት ሲሆን ሊቀ መንበራችን አቶ ምፓጊ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ብዙ ሰርግ የመሩ ሰው። የሰርግ ስብሰባ ላይ ዘግይቶ የመጣ ይቀጣል፤ ስልኩ የጮኸበት ይቀጣል፤ ቅጣቱ ወደ ሰርጉ ገንዘብ ይገባል። ኮሌጅ የጨረስኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጸሐፊ አድርገውኛል። አቶ ምፓጊ በእያንዳንዱ ስብሰባ ተነሥተው አንድ ወጪ ይቀንሳሉ፤ ሰዉም ያጨበጭባል። የመድረክ መሪ ከመቅጠር የእህታቸው ልጅ በነፃ ይምራ አሉ። ተጨበጨበ። ልጁ እሺ ብሎ ሚስቱንና የሚስቱን እህቶች ይዤ እመጣለሁ አለ። ድምፅ ማጉያ ከመከራየት የቤተ ክርስቲያን መዘምራን የራሳቸውን ያምጡ ተባለ፤ መዘምራኑ መጡ፤ መዘምራን ደግሞ ይበላሉ፤ ሲዘምሩ ውለውማ በደንብ ይበላሉ። ኬኩ ከላይ ያለው አንዱ ደርብ ብቻ እውነተኛ ይሁን፤ የቀረው ካርቶን በነጭ ክሬም ተቀብቶ ይቁም ተባለ። የኬክ ሠሪዋ ካርቶኑንም ሳስጌጥ ያው ነው የምደክመው ብላ እኩል ጠየቀች። በየስብሰባው ትንሽ ያዋጣ ሁሉ የሰርጉ ባለቤት ይሆናል፤ ባለቤት የሆነ ሰው ደግሞ ብቻውን አይመጣም። በቆጠብን ቁጥር እንግዳው በዛ፤ እንግዳው በበዛ ቁጥር መናፈሻው የግድ መሰለ።

ባለፈው ስብሰባ ይህን ቀስ አድርጌ ለማስረዳት ሞከርኩ። ግቢው ቢሆን ኖሮ ቦታው ራሱ እንግዳውን ይወስነው ነበር፤ የሚቀቀለው ሙዝም፣ ዶሮውም፣ ማገዶውም ከዚያው ነበር አልኩ። አቶ ምፓጊ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ ነጥቡ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የሙሽራዋ እናት ያልወደዱትን እኛ እንዴት እንመልሰዋለን አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠች የናኪቡካ ዘመድ ደግሞ የምን አልወደዱም፣ የናቀው ሙሽራው ነው አለች። ስብሰባው ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ወገን አጨበጨበ። መጨረሻ ላይ ነገሩን እንዳጣራ ተወሰነ፤ እኔ የሉታያ ጓደኛ እንጂ ወንድሙ ስላልሆንኩ ክልከላው አይነካኝም፤ እማማ ሬጂና ፊት መቀመጥ እችላለሁ።

መጀመሪያ ሉታያ ዘንድ ሄድኩ። መኪናው ሥር ተኝቶ ነበር፤ እግሩን ብቻ እያየሁ አወራን። እማማ ሬጂና ግቢውን አልፈልግም ብለው ነው ወይ የላኩብህ አልኩት። እንደዚያ አላሉም አለ። ታዲያ ምን አሉ አልኩት።

"አንዳንድ ነገር አለ፣ ሰው ሲያስብልህ አፍ አውጥቶ እንቢ አይልህም" አለ። "እሳቸው ጨዋ ናቸው። እንቢታው ሳይነገር ገብቶህ ወደኋላ ማለት ያለብህ አንተ ነህ።"

ከዚያ በላይ ሊናገር አልፈለገም። ወፍጮውስ ስለው ከመኪናው ሥር ወጣና ፊቱን በክንዱ ጠርጎ፣ ወፍጮ የሚሸጥ ሰው ሌላም ጊዜ ይገኛል አለ። እንደማይገኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ ወደ እማማ ሬጂና ወጣሁ። ናኪቡካ እንደ ልማዱ ተንበርክካ ሰላም አለችኝና ወንበር አወጣችልኝ፤ እናቷ ሊናገሩ ሲጀምሩ ወደ ማድ ቤት ገባች። እማማ ሬጂና የተጠረገውን ሜዳ አሳዩኝ። ሣሩ ታጭዷል፤ ዳር ዳሩ ላይ የተፈለጠ እንጨት ተከምሯል። ሉታያ ግቢዎን አልናቀም፣ እሱ እርስዎ ያልወደዱ መስሎት ነው አልኳቸው።

"እኔ ያልወደድኩት ሜዳ እንዲህ ይታጨዳል?" አሉኝ።

ግቢው ይሁን ብለው በግልጽ ልከዋል ወይ አልኳቸው። የምቀመጥበትን ቦታ ሳይቀር ልኬያለሁ አሉ። እሱስ ምን ብሎ መለሰ? "አይድከሙ፣ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን" ብሎ። ይህን ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ። በኋላ የሸንኮራ አገዳ ቆርጠው ሰጡኝና፣ ልጄን ሲጠይቅ ይህቺው ቤት ነበረች፣ ያኔ አልጠበበችም፣ አሉ። ለመናፈሻው ድርሻቸውን ለማዋጣት አንዲቱን ላማቸውን ሊሸጡ ገዢ እንዳገኙም ነገሩኝ፤ ልጄ እዚያ ስትቆም በሰው ወጪ የቆመች እንዳትመስል ብለው። ላሟ ከቤቱ ጥግ ታስራ ታመነዥካለች። ከዚያ ቤት ስወጣ ከገባሁበት ይልቅ ባሰብኝ። ወጪ እንቀንሳለን ብለን አሁን ወፍጮም ላምም ልናጣ ነው።

የቀሩት ሴንጋ ጀስቲና ናቸው። ቃሉን ያመላለሱት እሳቸው ስለሆኑ እውነቱ ያለው እሳቸው ጋ ነው ብዬ ገመትኩ፤ ምናልባትም አንድ ቃል ጨምረው ወይም አስቀርተው ይሆናል ብዬ በልቤ ጠርጥሬያቸው ነበር። ገና አንደኛውን ጥያቄ ሳልጨርስ ገባቸው።

"ጨው አልጨመርኩም፣ ልጄ" አሉኝ። "እሷ ያለችውን ለእሱ፣ እሱ ያለውን ለእሷ፣ እንደተሰጠኝ አድርሻለሁ።"

እንግዲያው የሰጧቸውን ይንገሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። እንዲህ ነው አሉ። ሉታያ ግቢው ይሁን ሲል፣ ሴንጋ ጀስቲና እንደ ደንቡ እማማ ሬጂናን ጠየቁ፤ አማችሽ ቀኑን ሙሉ ግቢሽ መሃል ሊቀመጥ ነው፣ አንቺ የት ልትሆኚ ነው? እማማ ሬጂና፣ እኔማ ከቤቱ ጀርባ ሙዝ ተክሉ ውስጥ ምንጣፌን አነጥፋለሁ፣ ከዚያ ሆኜ በቅጠሉ መካከል አያለሁ አሉ። ሴንጋ ጀስቲና ይህንኑ ለሉታያ አደረሱ። ሉታያ፣ አይድከሙ ይበሉልኝ፣ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን አለ። ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለም።

እየተመለስኩ ሳለሁ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። ሉታያ እናት የአንድ ልጇን ሰርግ በገዛ ግቢዋ ተደብቃ በቅጠል ቀዳዳ ስታይ ታየው፤ ማንም ሰው ይህን ፈቅዶ አይልም፣ በጨዋ ደንብ እንቢ ማለታቸው ነው ብሎ ተረዳው። እሳቸው ደግሞ ሜዳው እየታጨደ እያለ ሌላ ቦታ ይፈለጋል ሲባሉ፣ ግቢዬ አነሰበት ብለው ተረዱት። ሁለቱም የሰሙት ትክክል ነው። ማን ተሳሳተ ቢሉኝ አላውቅም። ሴንጋ ጀስቲናም አልተሳሳቱም። አቶ ምፓጊን ለመውቀስ ብሞክርም እሱም አልሆነልኝም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሴንጋ ጀስቲና አንድ መላ አመጡ፤ ግድግዳ ካለ ነውር የለም አሉ። የድሮ ሰዎችም የግድ ሲሆን እንዲያ ያደርጉ ነበር። ሉታያ ከእማማ ሬጂና ቤት ውጪ፣ ከጓዳው መስኮት በታች፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ግንድ ላይ ተቀመጠ። እማማ ሬጂና ጓዳ ውስጥ ናቸው፤ መስኮቱ በመጋረጃ ተሸፍኗል። ሴንጋ ጀስቲና በሩ ላይ፣ እኔ ሁለቱንም መስማት እንድችል የቤቱ ማዕዘን ላይ። ናኪቡካ ማድ ቤት ለራት የሚቀቀል ሙዝ ትልጣለች።

መጀመሪያ ላይ በቀጥታ አልተነጋገሩም። ሉታያ ለእማማ ሬጂና ንገርልኝ ይለኛል፤ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሰምተውት መልሰዋል፤ መልሱን ደግሞ ለዚያ ሰው ንገረው ይሉኛል። ሁሉንም ነገር ሁለት ጊዜ ስናገር ቆይቼ እማማ ሬጂና ራሳቸው፣ አንተ ልጅ አሁን ዝም በል፣ የገደል ማሚቶ ሆንክብን አሉኝ።

ሉታያ የሙዙን ነገር አነሣ። እርስዎን ከገዛ ግቢዎ አስወጥቼ እዚያ ቁጭ ብዬ ሶዳ ልጠጣ ነው ወይ፣ እንዴት አድርጎ ይዋጥልኛል አለ። ከመጋረጃው ኋላ እማማ ሬጂና ሳቁ። ሙዙ እኮ የራሴ ነው አሉ፤ ከባሌ ጋር የተከልኩት ነው፤ ጥላው አለ፣ ምንጣፉ አለ፣ እህቶቼ ከእኔ ጋር ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ እናንተን እያማን እንስቅ ነበር። ቅር ያለኝ የመደበቁ ነገር አይደለም፣ ሌላ ቦታ የተባልኩት ነው አሉ።

ይህን ስሰማ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። ሉታያም ከግንዱ ላይ ተነሥቶ እንደገና ተቀመጠ።

"እንግዲያው ግቢው ይሁን" አለ። "የሚደበቀው ግን እኔ ነኝ። ምሳው ሲበላ እርስዎ ከፊት ይቀመጡ፤ እኔ ከሚዜዎቼ ጋር ሙዙ ውስጥ እሆናለሁ።"

ያለቀው ነገር እዚያ ላይ ተመልሶ ተከፈተ። ሙሽራ ጓሮ ገብቶ ተደብቆ አይቼ አላውቅም አሉ እማማ ሬጂና፤ ሰው ምን ይላል? እንደዚያ ከሆነ እንዲያውም መናፈሻው ይሻላል፤ ሰፊ ነው፤ እኔ በአንዱ ዳር፣ አንተ በሌላው ዳር፣ ማንም አይደበቅም። ላሟ ትሸጣለች። ሉታያ ላሟማ አትነካም አለ። ወፍጮህስ አሉት። ወፍጮው ይቅር አለ። ወፍጮው ከሚቀር ላሜ ትቅር አሉ። የላሟ ዋጋ እንኳን ወፍጮውን እንደማይመልስ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን የተናገረ የለም።

ከዚያ ሁለቱም እኩል መተሳሰብ ጀመሩ፤ የከፋው ያኔ ነው። እማማ ሬጂና፣ እሺ አንተ እንዳልከው ግቢው ይሁን አሉ። ልክ በዚያው ቅጽበት ሉታያ፣ እሺ እርስዎ እንዳሉት መናፈሻው ይሁን አለ። አንዱ ሌላውን ሰምቶ ደነገጠና፣ እንግዲያው መናፈሻው፣ አይ እንግዲያው ግቢው ተባባሉ። ቅድም ግቢውን የሚፈልግ የነበረ ሰው አሁን መናፈሻውን ይከራከርለታል፤ ማን የቱን እንደያዘ መከተል አቃተኝ። ሴንጋ ጀስቲና በሩ ላይ ተቀምጠው በነጠላ ጫማቸው መሬቱን እየመቱ ይስቃሉ። እኔን፣ ካዚብዌ፣ አንተ የተማርከው፣ አሁን ምን ልትጽፍ ነው አሉኝ።

ላሟ ገመዷን ጎተተች። ፀሐዩ ከሙዙ በላይ አዘቅዝቋል። ነገ ጠዋት የመናፈሻው ሰው ደረሰኙን ይዞ አቶ ምፓጊ ዘንድ ይመጣል፤ አቶ ምፓጊ የኮሚቴው ቃል እንዳይሰበር ብለው ይከፍላሉ፤ ሉታያ የሰጣቸው ገንዘብ ከእሳቸው ጋር ነው። ሉታያን አየሁት። እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ከቶ ወደ መንገዱ ይመለከታል፤ ወፍጮውን እየተሰናበተ እንደሆነ ያስታውቃል።

ናኪቡካ ቢላዋዋን እንደያዘች ከማድ ቤት ወጣች። እጆቿ በሙዙ ሙጫ ጠቁረዋል። ከሉታያ ፊት አለፈችና መስኮቱና ግንዱ መካከል፣ ሁለቱም ሊሰሟት በሚችሉበት ቦታ ቆመች። ሙሽራ በሰርጓ ነገር ሰው ፊት አትናገርም፤ ሴንጋዋ ይናገሩላታል። ሴንጋ ጀስቲና ሊያስቆሟት እጃቸውን አነሡ፤ ከዚያ ተዉት።

"በዚህ ሁሉ ምልልስ እኔን የጠየቀኝ ማን ነው?" አለች።

ከመጋረጃው ኋላ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ሉታያ ፊቱን ከመንገዱ ሊመልስ ፈለገና መስኮቱ ትዝ ብሎት ተወው።

ናኪቡካ ቢላዋውን ከግድግዳው ሥር አስቀመጠች። የምትናገረው ረጋ ብላ ነበር፤ የገበያ ዕቃ የምታዝዝ ያህል።

"ወፍጮው ይገዛል፤ የመናፈሻው ቀብድ ይቅር። ምሳው እዚህ ግቢ ነው፤ ግቢው ለማይችለው ሰው መልእክት እንልካለን፤ የሚቀየም ይቀየም። እማዬ፣ አንቺ ከፊት ትቀመጫለሽ፤ ኬኩን ካንቺ ጋር እቆርጣለሁ። ሉታያ፣ አንተ ሙዙ ውስጥ ትሆናለህ፤ ምሳዬን ካንተ ጋር እበላለሁ። ካዚብዌ፣ ተነሥና አቶ ምፓጊን ሳይከፍሉ ድረስባቸው፤ ሙሽራዋ ናት የወሰነችው በላቸው።"